የምድጃው ሰው ሻንጣ

ጥር ነው፤ ቦትኒያ ዳር ሳይነጋ ይመሻል፤
ባሕሩ ሳንቃ ሆኖ ሰው በእግሩ ይሻገራል።
እኔ ከጠረጴዛው ካርታዬን ዘርግቼ፣
የሁለት ሰው ጡረታ ደምሬ፣ አጣፍቼ፣
ሰባት ሌሊት ልግዛ፣ ቁርስና እራት ያለው፣
መስኮቱ ወደ ባሕር፣ ደረጃ የሌለው።
ታውኖ ጉልበቱን ይዞ እየተነሣም፣
«ሊፍት ለሰነፍ ነው» ማለቱን አይተውም።

«የት ልትወስጂኝ ነው?» አለ መነጽሩን ወልውሎ።
«ላንዛሮቴ።» ሥዕሉን አየው ወደ መብራቱ አዘንብሎ።
ከዚያ ሳቀ።
«ሲርካ፣ ይሄ እኮ ዝቃጭ ነው! ከዳር እስከ ዳር ዝቃጭ የሞላው ደሴት!
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከምድጃ አፍ በአካፋ የዛቅሁት፣
ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎ በሽቦ የፈተግሁት፣
ያንኑ ልታሳዪኝ ነው ሁለት ሺህ ዩሮ የምትከፍዪበት?»

መልስ አጣሁ።
እኔ የፈለግሁት ጥቁሩን መሬት አልነበረም፤
የፈለግሁት ቀን ነው፣ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት የሚቆም።
ጆሮዬን ሳልሸፍን ወጥቼ ዳቦ የምገዛበት፣
አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምንም የማልሠራበት
ቀን። ሰባት ቀን ብቻ።

ጎረቤቴ ሄልቪ አምና ደርሳ መጥታለች፤
በሩ ላይ እንደቆመች ምክሯን ታዘንባለች፦
«ደቡቡን ያዢ፣ ሰሜኑ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል፤
ሹራብ አትርሺ፣ እዚያም ቢሆን ማታ ማታ ይበርዳል።
ተራራው ላይ ውኃ በባልዲ ያፈሱባታል ለምድር፣
እሷ መልሳ ትተፋዋለች፣ እንፋሎቱ ቤት ያህላል።
ዶሮም ይጠብሱባታል! ከሰል የለ፣ ክብሪት የለ።»
ታውኖ ከሳሎን ሰምቶ ቴሌቪዥኑን ቀነሰ።
አላየሁም አልኩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልጋው ጎኑ ባዶ ነበር።
ጡረታ ከወጣ ወዲህ ልማዱ ነው፤ ሲተኛም አንድ እጁ
ከግድግዳው ማሞቂያ ቧንቧ ላይ ነው የሚያድር፤
እጁ ሙቀት ሲያጣ እንቅልፉም ይበር።
ወጥ ቤት አገኘሁት፣ በማጉያ መነጽር
የጉዞ መጽሔቴ ላይ ተደፍቶ።
«ስድስት ዓመት ነደደ ይላል» አለኝ ቀና ሳይል፤
«ስድስት ዓመት ሙሉ! ማን ቆሰቆሰው? ፈረቃው ስንት ነበር?»
«ማንም» አልኩት። «ማንም አልቆሰቆሰውም።»
ራሱን ነቀነቀ፣ ባለሙያ በባለሙያ ሲቀና እንደሚነቀንቀው።

«እነዚህ ጉድጓዶችስ?»
ጥቁሩ ሜዳ ላይ፣ ግማሽ ጨረቃ የድንጋይ ካብ ከልሎት፣
በያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አረንጓዴ ነጥብ አለበት።
«ወይን ነው። ካቡ ከነፋስ ይጠብቀዋል፤
አመዱ የሌሊት ጤዛ ጠጥቶ ለሥሩ ያቀብላል።»
ከሥዕሉ ጥግ ኤሊሴዮ የሚባል ሽማግሌ
እጁን እስከ ክንዱ አመድ ውስጥ ነክሮ ይስቃል።
ታውኖ የሰውየውን ጥፍር ረጅም ሰዓት አየ።
«እኛ ከመርነው» አለ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመርነው።
አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ፍሬ ዘር
ጣል አላደረገበትም።»
ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ አለ። ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር።

ጠዋት ቲኬቱን ቆረጥን። የመተላለፊያ ወንበር፣ ለጉልበቱ፤
ስለ ሊፍቱ ዛሬ ትንፍሽ አላለም አንደበቱ።

ትናንት ሻንጣውን በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝን፣
ከማይዋኝበት የዋና ሱሪ ሥር
አንድ ጥንድ የቆዳ ጓንት አገኘሁ፣ የምድጃ፤
የቀኝ አውራ ጣቱ ተቃጥሎ የተጣፈ፣
የጣፍኩትም እኔ።
ሚዛኑ አሥር ኪሎ ከአራት መቶ ግራም አለ፤ የተፈቀደው አሥር።
ጓንቱን መልሼ አስገባሁ።
ሁለተኛ ጫማዬን አወጣሁ።