ታንኳ ሲጠጣ

«ደንገል ይጠጣል» አለኝ አባቴ፣
ገና በልጅነቴ፣
ሽምብጥ ዳር፣ ጭቃው ውስጥ፣ እርጥብ ነዶ ይዘን፣
እስከ ጉልበት ዘቅጠን።
«ጧት ውሃ ላይ ውሎ፣ ማታ ካላወጣሽው፣
አጥር አስደግፈሽ ለፀሐይ ካልሰጠሽው፣
ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ይከብዳል ሆዱ፤
ያን ጊዜ ነው ታንኳ ከነሰው መውረዱ።»

ይህን ያለኝ ሰው ነው፣
ጣና ጉም ሲለብስ፣
አንድ መለኪያ ጨልጦ በጋቢው ጫፍ አፉን ሲያብስ፣
«ለብርዱ ነው» ይላል። ይሁን፣ ጧቱ ይበርዳል።
ሚያዝያ ገባ፣ ግንቦት፤ ወበቁ አናት ይበሳል፤
ዘምባባው ሳይቀር ላቡን ያንጠባጥባል፤
አባቴ ግን ይበርደዋል።

ጣቱ ነበር ስሙ።
ወደቡ ዳር ሁለት ሰዎች ዋጋ ሲስማሙ፣
«ይጥበቅ እንደ ይኸነው ቋጠሮ» ነበር ማኅተሙ።
ኋላ ያ ጣት ራደ፤
የገመድ ጫፍ ፍለጋ ረፋዱ ሄደ።
መለኪያዋ ከጉሮሮው ካልደረሰች እጁ አደብ አይገዛም፤
ስትደርስ፣ ጡት እንዳገኘ ጨቅላ፣ ጭጭ ይላል፣ አያለቅስም።
ያንቀጠቀጠው ነው ደሞ የሚያረጋጋው፤
የቱ ዳኛ ይዳኘው፣ ከሳሹም ዋሱም ያው?

ሰኔ ላይ ነው፣ ጓዴ የሚባል ጎረምሳ፣
ታንኳው መሐል ውሃ ተፈታበት፤ መረቡን ተወ፣ አምባዛውን ረሳ፣
እምቦጩን በደረቱ እየገፋ ወጣ።
ሳይማታ፣ ሳይሳደብ፣ በነጋታው ደጃችን መጣ፤
ገመዱን ጠቅልሎ ደፋችን ላይ አኖረ፤
«ያንተ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ዞረ።
ከዚያ ወዲህ ታንኳ እሰርልኝ ያለ የለም።
እናቴ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ አትናገርም።

ተላኪዋ እኔ ነበርኩ።
ሃይላንድ በብብቴ፣ ብር በእጄ ጨብጬ፤
መቀነስን የተማርኩት ከትርንጎ መደብ ላይ ነው፣ መልሴን ቆጥሬ፣ ተቀምጬ።
አረቄና ውሃ መልካቸው ያው ነው።
አንድ ቀን ግማሹን ደፋሁት ከሜዳው፤
ጣናን ሞላሁበት።
ቀመሰ። አየኝ። ጠጣው። ምንም ሳይል፣ ምንም ሳልልበት።
ሌሊቱን ግን ያዘው፤ ጥርሱ ተጋጠመ፣
ገላው እንደ ገመድ ከረረ፣ ዓይኑ ጣራው ላይ ቆመ።
በዚያ ጨለማ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤
የትርንጎን በር በሁለት እጄ የደበደብኩት እኔ ነኝ፤
«የጠራውን ስጪኝ፣ ውሃ ያልነካውን» ያልኩት፣
እኔ።

ኋላ ሆዱ ውሃ ቋጠረ።
ሐኪሙ በመርፌ ቀዳው፤ ባልዲው ቢጫ ሆነ፣ ሞላ፤
ነርሷ ደፍታ መጣች፣ ደግሞ ሞላ።
«ጉበቱ ነው» አሉን።
አባቴ በመስኮቱ ሐይቁን አየና፣
ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነና፣
«ማታ ማታ ማውጣት ነበረብኝ» አለ።
ስለየትኛው ታንኳ እንደሆነ የጠየቀው የለ።

ዛሬ ጧት፣ ግንቦት ነው፤ ፀሐይዋ ከማለዳ ትለበልባለች፤
የትርንጎ በር ክፍት ነው
(አሁን የምትቀዳው ልጇ ናት፣ እናቷ አርጅታለች)፤
አንድ ልጅ አለፈኝ ሃይላንድ በብብቱ፣
ደብተሩ በሌላው፣ ይሮጣል በጧቱ።
«ለማን ነው?» አልኩት። «ለብርድ ነው» አለኝ፣
ላቡ በግንባሩ እየወረደ አየኝ።
ስለ ደንገል ልነግረው አፌን ስከፍት ርቋል።
አጥሩን የተደገፈውን የአባቴን ታንኳ ዳሰስኩት፤
ደርቋል።