የፊት ግራ

የጀመረው ማክሰኞ ነው፣ ከጠዳ ስመለስ፣
አዘዞ መታጠፊያው ላይ፣ ፍሬኑን ስነካው ቀስ፤
ሲጥ።
አንዴ ብቻ። ወፍ መሰለኝ፣ ዝም አልኩት።
ቀበሌ አሥራ ስምንት ስደርስ፣ ደግሞ ሰማሁት።

ይህችን ኮሮላ በዕድሜ የምበልጣት አራት ዓመት፣
ጉልበቷም እንደ ጉልበቴ፣ ቁልቁለት ነው የሚያማት፤
ሽቅብማ ግድ የላትም።

ተሳፋሪ ሁሉ ሐኪም ነው፣ አንድ ድምፅ ሲሰማ፤
አንዱ «ሸራ ነው» ሲል፣ ሌላው «ኩሽኔታ» ሲል፣ ሳይስማማ፣
ከኋላ አንዲት እናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
«ጠበል አስረጫት» አለች፣ ትከሻዬን መታ መታ፤
«ቁስቋም ውሰዳት ልጄ፣ ነገ በማለዳ፣
ብረት እንዲህ አይጮህም፣ የሰው ዓይን ካልጎዳ።»
አንድ ተማሪ ብቻ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ፣
ማራኪ ወረደልኝ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ሒሳቡን ሰጥቶ።

ማንደፍሮ ዘንድ ወሰድኳት፤ ወጣት ነው፣ ቱታው ያበራል፤
የመካኒክ ቱታ ሲያበራ፣ አንድ ነገር ያጠራጥራል።
ሸራ ቀየረ፤ ብሩን ተቀበለ፣ ፈገግታ በፈገግታ፤
ከበሩ ሳልወጣ ጮኸች፣ አዲሱን ሸራ ተጫምታ።
«ዲስኩ ይታይ» አለ። ታየ፤ ተላገ።
«ታምቡሩ ይከፈት» አለ። ተከፈተ፤ ተጠረገ።
የቀረው የእኔ ኪስ ነበር፤ እሱም ተከፍቶ ተፈለገ።

ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እግሬ ፍሬን ይረግጣል፤
አንጓች፣ «ተኛ» ትለኛለች፣ «አልጋው የት ያመልጣል?»

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ።

ጋሽ አጣናው ከቀሃ ማዶ ነው፣ አጥሩ የበርሜል ቆርቆሮ፤
«ድምፅ ይዘህ ወደ ደንቆሮ?» ብሎ ሳቀብኝ ማንደፍሮ።
እውነቱን ነው። አርባ ዓመት መዶሻና ብረት
ጆሮውን ወስዶበታል፤ የተረፈው እጅና ትዕግሥት።

ምን እንደምትል አልጠየቀኝ።
ጎማዋን ከመሬት አንሥቶ፣ መዳፉን አሳረፈበት፤
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት፤ ዓይኑን ጨፈነበት፤
የቅዳሜ ገበያ ሰው ጤፍ ዘግኖ፣ አሸዋ እንደሚለይበት።

«እዚህ ነች» አለ። የፊት ግራ።
ሸራው ደህና፣ ዲስኩ ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና፤
ከዲስኩ ጀርባ፣ አቧራ ከሚጋርደው ስስ ቆርቆሮ ሥር፣
የምስር ክክ የምታህል አንዲት ጠጠር፣
ተሸጉጣ፣ የሌላውን ስም ስታጠፋ ከርማለች።

በጉጠት አውጥቶ እጄ ላይ ጣላት። «ስንት?» አልኩት በምልክት።
«ለጠጠር አይከፈልም! ሻይ ግዛ!» አለኝ፣
ሰፈሩ እስኪሰማው፣ ጮክ ብሎ በድንገት።

በዚያ ማታ ከግንቡ ሥር ወደ አንገረብ ቁልቁል ወረድኩ፤
ሳያስፈልገኝ አንዴ፣ ሳያስፈልገኝ ሁለቴ፣ ፍሬን ረገጥኩ።
ዝም።
ጎማና ድንጋይ ብቻ፣ ሲንሾካሾኩ።

ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል።
ለካ ሁለት ወር ሙሉ፣ ከመታጠፊያው ስትጮህ ነው
አንጓች የምትነሣው፣ ወጡን እሳት ላይ የምታደርገው፣
የብረት በሩን ገርበብ አድርጋ የምትጠብቀኝ፤
እኔ በአፍረት አንገቴን ስደፋባት የከረምኩት ያ ሲጥታ፣
ቀድሞኝ እየገባ «መጣ» ይላት ነበር፣ ማታ ማታ።

አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ከውስጥ።
የገዛ ደጄ ላይ፣ ስሜን ተናገርኩ።
ከፈተች፤ መኪናዋን አየቻት፣ ከዚያ እኔን።
«ዳነች?»
«ዳነች።»
ወጡ ቀዝቅዞ ነበር።

ጠጠሯን አልጣልኳትም። ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ
ባዶ በቀረው መተርኮሻ ውስጥ አስቀመጥኳት፤
ዳገት ስወጣ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ስወርድ ወደ ፊት፣
ትንከባለላለች፤ ቀጭን ድምፅ አላት።
ትናንት አንዱ፣ ከፊት የተሳፈረ፣ ጆሮውን አቁሞ ቆየና፣
«ሾፌር» አለኝ፣ «ሸራህ አልቋል።»