አራት ፊደል

እህቴ ኑላ ናት፣ በኤኒስ ከተማ
በመስታወት ጀርባ ገልብጣ የምትጽፍ፤
ከውጭ ሲያነቡት ነው ፊደሉ የሚስማማ።
እኔ ፊንታን ነኝ፤ ሥራዬም መደገፍ፦
መሰላሉን ይዤ ሽቅብ አያታለሁ፣
ደመናው ሲከብድ «ውረጂ» እላለሁ።

አባታችን አልፎ ለእኛ የተረፈን
አንድ ሳጥን ብሩሽ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት፣
«ዋጋው በፊደል ነው» ብሎ የጻፈበት።
እኛም ሃያ ዓመት ፊደል ቆጥረን ኖርን።
ፊደል የቆጠረ ይከብራል ይባላል፤
እኛ ቤት ሲደርስ ግን ነገሩ ይሰንፋል፦
ሥራችን ሲወደስ፣ ቀለሙ ሲወደድ፣
ኪሳችን ብቻ ነው ቁልቁል የሚወርድ።

ሰኞ ጠዋት መጣ፣ ካፖርቱ እንደራሰ፣
ኮርማክ ኦዲ የሚሉት፣ የመጠጥ ቤት ጌታ፤
«ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤ፤ ስሜ በአራት ተጨረሰ።
በወርቅ ጻፊልኝ፣ ለቅዳሜ ማታ።
አራት ፊደል ደግሞ ምን ያህል ይበላል?»

ኑላ ግን ሌሊቱን፣ እርሳሷን ስትነክስ፣
ከሒሳብ ጋር ነበር ያነጋችው።
የወርቁ ቅጠል ትንፋሽ ሲነካው ይበራል፤
የበረረውን ወርቅ ማን ከፍሎት ያውቃል?
የድሮውን ቀለም ስንፍቅ የዋልነውስ?
ለአንድ ልኬት ብለን ሦስቴ መመላለስ፣
ዝናቡ እስኪያባራ ደጅ የጠናነውስ?
ያልጻፍነው ሁሉ ነው
ከራታችን ላይ ሲጎድል የከረመው።

ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገችለት፦
አንድ ሺህ አንድ መቶ ዩሮ።
ከዚያ ዝም።
ኮርማክ ሳቀ። ሳቁ ብቻውን ሲቀር ተወው።
«ከተማው ጫፍ ያለው ፕላስቲክ ለጣፊ
በሩብ ይሠራዋል።»
«ይሠራል» አለችው፣ «እሱም ጥሩ ሰው ነው።»

እኔ ዝምታ አልችልም። ቅናሽ አፌ ላይ ደርሶ
«እንግዲህ...» ስል፣ እግሬን ረገጠችው።
ደግነቱ የዞረ ማንበብ ለምጃለሁ፣
ወረቀቱን ከወዲህ፣ ተገልብጦ አየሁ፦
ወርቁ፣ ሙጫው፣ ምላጩ፣ የጥበቃው ሰዓት፣
ከሁሉም በታች ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት
«ፊንታን፤ መሰላል ያዥ፤ ሦስት ቀን።»
ሃያ ዓመት እዚያ ቆሜ
ዋጋ ሲወጣልኝ ገና አሁን ማየቴ ነው።

ኮርማክ ሄደ።
ማክሰኞና ረቡዕ ዘነበ፤ ኑላ አልደወለችም።
ሐሙስ ተመለሰ፣ ግማሹን ከፈለ፣
በሩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር አለ፦
«ከኦ እና ከዲ መሀል፣ ያቺ የላይ ጭረት፣
እሷም አምስተኛ ፊደል ሆና ተቆጠረች?»
«እሷ ምርቃት ናት»
አለች ኑላ፣ ብሩሿን እያጠበች።

እኔ፣ መሰላሉን ገና ከግድግዳው ሳላነሣ፣
«አሜን» አልሁ።