ውል

የማራዘሚያው ቅጽ ይጠይቃል፦ «ዳራሽን፣ ባጭሩ፤
የምርምር ፍላጎት፣ ከነዝርዝሩ።»
ሁለት ባዶ ሣጥን፣ አምስት አምስት መስመር፤
ፔዳ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከየት ልጀምር?

ደቅ ነው የተወለድኩ። የደሴት ልጅ ነገር፣
ዙሪያን ቀድሞ ያውቃል ፊደል ሳይቆጥር፤
በጠዋት ተነስተህ ዳር ዳሩን ብትዞር
መነሻህን እንጂ አታገኝም ሌላ አገር።

አባቴ ስንሻው፣ ደንገል ነው እንጀራው፤
አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ማሰር ሥራው።
በጥርሱ ይይዛል የገመዱን ጫፍ፣
እኔ በጣቴ እከተላለሁ፦ ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ ሲያልፍ።

ዘጠነኛ ክፍል፣ በጀልባ፣ ከማንጎ ጆንያ ጋር ባሕር ዳር ወረድኩ፤
ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ዘንባባ በዘንባባ፤
ሄደው ሄደው መነሻው ላይ የማይመልስ መንገድ አይቼ ተገረምኩ።

ምርምሬ ይኸው ነው፦ ጫፍና ጫፉ የተገጠመ፣
ውል የሌለው ገመድ፣ በራሱ ላይ የተጠመጠመ፤
ሳይቆርጡት፣ ሳይበጥሱት፣ እየሳቡ ብቻ
ክብ ይሆናል? ወይስ የለውም መፍቻ?

አጎቴ ጫኔ ሳቀ፣ አምባዛ እየቆረጠ፦
«ገመድ ለመፍታት ነው ሰው ስድስት ዓመት የተቀመጠ?
እምቦጩን በቆጠርሽ፣ አንቺ የተማርሽ፣
ሐይቁም በተረፈ፣ ደመወዝም ባገኘሽ!»
አልመለስኩለትም። እጁ ላይ ቅርፊት ነበር።

የአባቴ ታንኳ ሺህ ቀዳዳ ቢኖራት
ውሃው ገብቶ ይወጣል፤ አላሰጠማት።
ማታ ዳር ያቆማታል፣ ረፋድ ላይ ትደርቃለች፣
ከሰዓት ዳጋ ትደርሳለች።
የእኔ ማረጋገጫ ቀዳዳዋ አንዲት፣
ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ገጽ አርባ ሁለት፤
«ግልጽ ነው» ብዬ ያለፍኳት።
በእሷ በኩል ገባ፣ ጣና በሙሉ።

ሰኔ ላይ አለቀ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የፈረምኩት ውል፤
የገመዱ ግን፣ ድሮም አልነበረው፣ ውል።

ትናንት አባቴ ደወለ፤ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፦
«ያ ገመድሽ እንዴት ነው? አልተገኘም ተፈትቶ?»
«አልተፈታም፣ አባ።» ትንሽ ዝም አለና፣
«እንዲያ ከሆነማ፣ አሳሪው ሰው ደህና
ሙያ አለው» አለኝ፤ ራሱ ያሰረው ይመስል።

ቅጹ እንደተከፈተ ነው።
አንደኛው ሣጥን ላይ «ደቅ፤ ደንገል» ብዬ ጻፍኩ።
ሁለተኛውን ተውኩት።
ሻማ አብርቼ ገጽ አርባ ሁለትን ገለጥኩ፣
«ግልጽ ነው» የሚለውን ሰረዝኩ።