ነፋሱ ከተኛ

የዚህች መንደር እሳት ጠባቂዋ እኔ ነኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጠረጴዛ፣
ቢጫ ደብተር ይዤ፣ እርሳስ ጆሮዬ ላይ፣
ሰዉ እየመጣ እሳት ሲገዛ።

በነጻ ነው እንጂ! ግን እንደ ገበያ
ይከራከሩኛል፤ አንዱ ለቅጠሉ፣
አንዱ ለአሮጌ አጥር፣ አንዱ ለገለባ፣
«ዛሬ ካልሆነማ መቼ ነው?» እያሉ።

ደጅ እወጣለሁ እርሳስ ሳላነሣ፤
ጣቴን በምራቄ አርሼ ወደ ላይ፣
ከመጋዝ ቤቱ ጭስ፣ ከትምህርት ቤት ባንዲራ
እጠይቃለሁኝ የነፋሱን ጉዳይ።

ከዚያ ሰውየውን፦ ምንድን ነው የሚነደው? ከቤት ስንት ርምጃ?
ውኃ በቅርብ አለ? አካፋስ? ሰው አለህ?
ጎማ አታስገባ፤ ቀለም የነካው እንጨት አታስጠጋ፤
አመዱን በባዶ እጅ ሳትዳብስ ራትህን አትበላም፣ ሰማህ?

ሚያዝያ ክፉ ነው እዚህ በሜይን።
በረዶው ሄዷል፣ ለምለሙ አልመጣም፤
ያምናው ሣር ተኝቷል እንደ ደረቅ ወረቀት፤
አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ደን ትበላለች።
እንዲህ ባለ ሰኞ ነው ቬርና የመጣችው፣
የሟች ባሏን የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣
እጅጌው ጣቶቿን ውጦ።

«የፖም ቅርንጫፍ» አለች።
«ሌላስ?»
ምድጃዬን አየች።
«ጀልባው።»

ያን ጀልባ ማን ያጣዋል? ሆሊስ በጎተራው
አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሠራው፤
ሐይቁ ከደጁ ሳለ አንድ ቀን ያልገባ፣
በየጸደዩ ግን ሰማያዊ የተቀባ።
ከበሩ ሰፋና መንደሩ ሳቀበት፤
ስሙ «ሳይለካ» ሆኖ እስከ መቃብር ቀረበት።

«በመጋዝ ቆራርጬ አወጣሁት» አለች፤ «ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»
ደብተሬን ዘጋሁት።
ቀለም አለው፣ ቬርና። ሕግ ነው። ወንድሜን እንኳ ቀጥቼዋለሁ
ለአንድ የተቀባ በር።
«መቀባቱን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለች፤ «ትራሴ ሰማያዊ ነበር።»

ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤
በኃይል ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ማታ መፋቂያዬን ይዤ ሄድኩ።
ሁለት ሆነን በፋኖስ፣ ሳንቃ በጉልበታችን ይዘን፣
ፋቅን፤ ማክሰኞን ፋቅን፤ ረቡዕን ፋቅን።
ከሰማያዊ ሥር ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሥር ሌላ፣
አንዱ የደመና፣ አንዱ የበለዘ ጥፍር።
ብዙም አላወራን። ክርናችን አወራ።

ሐሙስ፣ ከመጨረሻው ሰማያዊ ሥር እንጨቱ ሲገለጥ
የሆሊስ እርሳስ ወጣ፤ ጠማማ፣ ጥርት ያለ፦
«በሩ፦ ሰባት ጫማ። እሷ፦ ስምንት ተኩል።»
ከሥሩም ቀኑ፤ የመጀመሪያው ክረምት።
ለክቶ ነበር።
አውቆ ነበር የሠራው።

ቬርና ፋኖሱን አቀረበች። ደግማ አነበበች።
ከዚያ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ
ሰምቻት አላውቅ።
እንባዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጋ
«እርሳስስ ይፈቀዳል?» አለችኝ።
ሕጉን በልቤ ገለጥኩት ከዳር እስከ ዳር፤
«ስለ እርሳስ የሚለው የለም» አልኩ።

ዓርብ ነፋሱ ተኛ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ጻፍኩላት፦
የሚነደው፦ እንጨት። ርቀቱ፦ ሰባ ርምጃ። ሰው፦ ሁለት።
ያቺን ሳንቃ ጨመረቻት? አልጨመረቻትም?
ጀርባዬን ሰጥቼ ውኃ እየቀዳሁ ነበር፤
ማየትም ሥራዬ አልነበረም።
ፖሙ ተንጣጣ፤ ጀልባው ግን በጸጥታ ነደደ፣
ወደ ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ የሚያግደው በር የለ።

እኩለ ሌሊት ውኃ ያጠጣነውን አመድ በባዶ እጃችን ዳበስን።
ቀዝቅዟል። ፍቅፋቂውን በቆርቆሮ ከድኜ ለቆሻሻ ጣቢያው ያዝኩት።
ቤት ስገባ ሚስቴ ጥፍሮቼን አየች፤
ምንም አላለችም፤ ሳሙናውን አቀበለችኝ።

ቅዳሜ ነፋስ ሆነ።
ለሰባት ሰው እምቢ አልኩ።