ዝም ያለ መዳፍ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳስካቱን፣ የካቲት፤
ወንዙ እንደ አለት የረጋበት፣ ትንፋሽ የሚሰበርበት።
የከተማውን በረዶ ስገፋ አምሽቼ፣
መጥረጊያ መኪናዬን ከሆስፒታሉ ጀርባ ገትቼ፣
የመንገድ ጨው ጫማዬ ላይ እንደ ነጣ
ገባሁ ልጄን ላያት፣ ድምፅ ሳላወጣ።

ስም የላትም ገና።
ካርዷ ላይ «ሴት ሕፃን» ይላል፤ ከሥሩ የእናቷ ስም፣ ትርሲት፤
ክብደቷ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ግራም፣
አንድ ኪሎ ስኳር የሚበልጣት።
በሃያ ሰባተኛ ሳምንቷ መጣች፣ ሳትጠበቅ፣ ሳይነጠፍላት።
ቀኑን ቆጠርኩት፦ ሰማንያ ሲሞላት፣ ለክርስትናዋ፣
ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል መወለጃዋ።
ዳግም ልደቷ የፊተኛውን ሊቀድም ነው እንግዲህ፣
ከደረሰች።
«ከደረሰች» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት
ጉሮሮዬ ላይ ቀረች፤ አልዋጣት፣ አልተፋት።

ሰዎች ደወሉልኝ። «ለበጎ ነው» አሉኝ።
ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ምን በጎ ታያቸው፣ ለኔ ያልታየኝ?
የሞት ጥላ ሲባል እሰማ ነበር፤ እዚህ ግን ጥላም የለ፣
መብራቱ ሌት ተቀን አይጠፋ፣ የሚደበቅበት ጥግ የለ።
ከራስጌዋ ቁጥር ይበራል፣ አረንጓዴ፦
ዘጠና ሁለት። ዘጠና። ሰማንያ ስምንት።
እኔም «እግዚኦ» እላለሁ፣ በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ፣
አርባ አንዱን ልሞላ፣ ከልጅነቴ እንደ ለመድኩት።
ሰማንያ አንድ፤ ደወሉ ጮኸ።
አሥራ ሰባት ላይ ነበርኩ? ወይስ አሥራ ዘጠኝ?
ከጸሎት የቀረኝ መቁጠሩ ነበር፤ እሱም ጠፋኝ።

ዶሪን መጣች፣ ነርሷ፣ የሰሜን ሐይቆች የክሪ ልጅ።
«እጅህን ታጠብ» አለችኝ፤ «አሙቀው፣ ከዚያ አስገባ።
እንዳትዳብሳት። መዳበስ ያማታል፤ ቆዳዋ ገና ነው።
መዳፍህን ብቻ አሳርፍባት። አትንቀሳቀስ።
መኖርህን ትወቅ፤ ሌላው ይቆይ።»

ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ብብቴ ውስጥ አሞቅኩት በረዶ ገፊ እጄን፣
በመስተዋት ሳጥኗ ክብ ቀዳዳ አስገብቼ አለበስኳት ልጄን።
ከአናቷ እስከ ተረከዟ በአንድ መዳፍ አለቀች።
እንዴት አባት ልጁን አይዳብስም? አውራ ጣቴ ተንቀጠቀጠች፤
ያዝኳት።
ዝም ማለት እንዲህ ጉልበት ይጨርሳል እንዴ?
ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ዘጠና።
ተአምር አልልም፤ ዶሪን ኦክስጅኑን ጨምራው ይሆናልና።

ግን ስንት ሌሊት ከሰስኩት፣ «ለምን ዝም አልክ?» ብዬ፣
መሪውን በቡጢ እየመታሁ፣ በበረዶው መሐል ለብቻዬ።
ዝምታው መዳፍ ቢሆንስ?
መዳበሱን የማልችለው፣ ቆዳዬ ገና የሆነው፣ እኔ ብሆንስ?
እኔ እጄን ያስገባሁት በመስተዋቱ ቀዳዳ፤
የእሱ ቀዳዳ ግን ከእጁ ላይ ነው፤
በዚያ በር ገባ ወደ ሕመማችን፣ ከደጅ አልቆመም እንደ እንግዳ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትርሲት በተሽከርካሪ ወንበር መጣች፣
ስፌቷን በእጇ ደግፋ።
«ምን አለች?»
«ዝም አለች።»
«አንተስ?»
«እኔም።»
አየችኝ። ታጠበች። አሞቀች። ተራዋን ተቀበለች።

ወጣሁ። ሌሊቱን የጠረግኩት መንገድ ዳግም ነጭ ለብሷል፤
ፍርሃቴም እንደዚያው፣ ከኋላዬ ወርዶ ቆይቶኛል።
ሞተሩን አስነሳሁ።
መሪው ብርድ ነው፤ መዳፌ ግን ገና ሙቅ።
ከአንድ ጀመርኩ፦
እግዚኦ።