አራተኛው ደብዳቤ

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ፣ ጎንበስ ብዬ ሄጄ፣
በበሯ ሥር ሰደድኩ፣ በዚሁ በገዛ እጄ።
ፊተኛው ላይ «ክብርት እመቤት» ብያለሁ፤
ሁለተኛው ላይ ግን በስሟ ጠርቻለሁ፤
ሦስተኛውን ተዉት፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ነው በንዴት ያጠፍኩት።

ቫልፓራይሶ ላይ መንገድ ማለት ቁልቁለት ነው፤
ፍሬን የከዳውን መኪና የሚያቆመው ባሕሩ ነው።
ኦርቴንሲያ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ
አሮጌ ላዳዋን ይዛ ወደ ወደቡ ስትወርድ፣
እኔ ደጅ፣ ከመታጠፊያው ላይ፣
ሲጥጥጥ!
ሹካ በሸክላ ሳሕን ላይ ሲፋቅ የሚሰማ፣
ጥርስ የሚያሳክክ፣ ሙት የሚቀሰቅስ ዜማ።
የቆርቆሮው ግድግዳ ተቀብሎ ያስተጋባል፤
የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተራውን ያላዝናል።

እሑድ ከቀትር በኋላ በሬን ቆረቆረች፤
ሦስቱን ወረቀት ይዛ፤ ግን አልተቆጣች።
«ዶን ኤቫሪስቶ፣ ጽሕፈትህስ ያምራል፤
እጅህ ከብዕር ሌላ ምን መያዝ ይችላል?
ና፣ መብራት ያዝልኝ።»
ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ የማውቀው ሊጥ ነው፤
ዳዶና ብሎንን የምለየው በስም ነው።

ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች፤
መኪናው ሳይነሳ ዳዶውን አላላች፤
ክሪኩን አስገብታ ሽቅብ ገፋችና
ወፍራም ጉማጅ ግንድ ደገፈችበት ገና።
«ክሪክን ማመን» አለች፣
«የምርጫ ሰሞን ከንቲባን እንደ ማመን ነው።»

ጎማው ወለቀ። የፍሬን ሸራዎቹ ወጡ፤
ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።
«አየህ፣ አላለቁም፤ ገና ሥጋ አላቸው።
ፊታቸውን ያደደረው የቁልቁለቱ ሙቀት ነው፤
መያዝ ትተው መንሸራተት ለመዱ።
የሚጮኽ ሁሉ ያለቀለት አይምሰልህ።»
ይህስ ገባኝ።
ቅርፊቱ ድንጋይ ሆኖ ልቡ ያልከፋ
ስንት ዳቦ ቆርሻለሁ።

አቧራውን እንደ ዱቄት እፍ ልል ጉንጬን ስነፋ
ትከሻዬን ጨበጠች፤
«ሳንባህን ጠልተኸዋል? በእርጥብ ጨርቅ ነው እንጂ!»
ከዚያ አንዱን ሸራ ሰጠችኝ፣ ከብርጭቆ ወረቀት ጋር።
ፈተግሁ። ዙሪያውን፣ ዙሪያውን፣ ሊጥ እንደማሸት፣
ብልጭታው ጠፍቶ ሻካራ ፊት እስኪወጣለት።
ግራሶውን ግን ለእኔ አላመነችም፤
በጣቷ ጫፍ፣ ከጀርባው ብቻ፣ ስስ አድርጋ ቀባች።
«ፊቱን አንዲት ጠብታ ከነካችው
ከዚያ ወዲያ የምትረግጠው ፍሬን አይደለም፤ ጸሎት ነው።»

ሁለተኛውን ጎማ ስንገጥም መሽቷል።
ሞተሩን ሳታስነሳ ፔዳሉን ደጋግማ ረገጠች፣
እግሯ ጠንካራ ነገር እስኪያገኝ።
ቁልቁል ወረደች። ጆሮዬን አቀናሁ።
ምንም።
ላዳዋ እንደ ድመት ታጠፈች።
ጥፍሬ ሥር ያለው ጥላሸት በሳሙና አልለቅ ቢለኝ
ተውኩት፤ እንደ ኒሻን ይዤው ተኛሁ።

ስነቃ ፀሐይ ዓይኔ ላይ ቆማለች።
ምድጃው በረዶ። ሊጡ ከቡሃቃው ፈስሶ
ወለሉ ላይ ተንጋሏል።
ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ የምነቃ መስሎኝ!
ከመስኮቱ ማዶ ሰልፉ ተጠማዞ ደረጃውን ይወርዳል፤
ከፊት ኦርቴንሲያ፣ ባዶ ከረጢት በእጇ፣
«ፍሬኑ ቢድን» ትላለች ለመጣው ሁሉ፣ «ጋጋሪው ታመመ።»

አራተኛውን ደብዳቤ ያን ማታ ጻፍኩ፤
አንድ መስመር ናት፤
«ስትወርጂ ጠጠር ወርውሪልኝ፣ ጣራዬ ላይ።»

ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ
ኳ! ይላል ቆርቆሮው፤ እነሳለሁ።
ዛሬ ከበሬ ሥር ወረቀት አገኘሁ፣
ከላይኛው ቤት፣ በማላውቀው የእጅ ጽሕፈት።
«ክቡር ጎረቤቴ ሆይ» ይላል።
የመጀመሪያው ነው፤ ገና ትሕትና አለው።